ወጪ የተቀነሰው ከማን መዝገብ ነው?

(በማህበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው በሬዲዮ «የኢኮኖሚ ማሻሻያ» እየተባለ ስለሚነገረው ጉዳይ ነው። ስሙ ስለሚከብድ ብዙዎቻችን የባለሥልጣን ነገር ነው ብለን እናልፈዋለን። እሱ ግን እኛን አላለፈንም፤ በዘይቱ፣ በማዳበሪያውና በመኪና ተሳፍሪው ሒሳብ ቤታችን ገብቷል። ስለዚህ በራሳችን አነጋገር እንየው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪን ዋጋ ለገበያ ለቀቀው። ከዚያ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በአንድ ወር ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚያው ቀን የዓለም የገንዘብ ድርጅት በአራት ዓመት የሚሰጥ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር አጸደቀ። ብድሩ ግን ግዴታ አለበት። መንግሥት ከብሔራዊ ባንክ እየተበደረ ማውጣቱን ያቆማል፣ ግብር አጠናክሮ ይሰበስባል፣ የነዳጅ ድጎማን ደረጃ በደረጃ ያነሳል። ሁሉም ክፉ ነው አንልም። መንግሥት ገንዘብ እያሳተመ ሲያወጣም ዋጋው የሚንረው በእኛው ላይ ነበር። በኅዳር 2017 ዓ.ም. 582 ቢሊዮን ብር ገደማ ተጨማሪ በጀት ሲጸድቅም፣ ለማዳበሪያና ለመሳሰሉት ድጎማ የሚሆን ገንዘብ ነበረበት።

ሆኖም እኛ ሒሳብ የምንሠራ ሰዎች አንድ ልማድ አለን። ከአንድ መዝገብ የወጣ ቁጥር በሌላ መዝገብ ካልታየ ሒሳቡ ተዘጋ አንልም። እንግዲህ መንግሥት የቀነሰው ወጪ የት ሄደ? ቡሬ አካባቢ ባለ አንድ የገበሬ ቤት እንፈልገው።

በቆሎ ያለ ዩሪያ እንደማይሆን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ዩሪያው በዶላር ተገዝቶ በጅቡቲ በኩል ነው የሚመጣው። ብር ሲረክስ ዋጋው ይወጣል፤ ድጎማው የሚሸፍነው ከፊሉን ነው። በጸጥታው ችግር መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ይዘገያል። አባት በግ ይሸጣል። በጉ ካለቀ እናት የበርበሬዋን ገንዘብ ከመቀነቷ ትፈታለች። ነዳጅ ሲጨምር ከገበያ የሚመለሰው ሸክም ከባጃጅ ወርዶ ጀርባዋ ላይ ይወጣል፤ ጀርባ ደግሞ ደረሰኝ ስለማይቆርጥ ይህ ወጪ በማንም መዝገብ አይገባም። ያም አልበቃ ሲል ወንዱ ልጅ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ይወርዳል፣ ሴቷ ልጅ ዓረብ አገር ትሄዳለች። እንደኛ አስተያየት የተቀነሰው ወጪ ያረፈው እዚህ ላይ ነው።

«ብር መርከሱ ዓረብ አገር ልጅ ላለው ጥሩ ነው» የሚሉ አሉ። እስቲ እናስላው። አንድ ሺህ የሳዑዲ ሪያል 267 ዶላር ገደማ ነው። ዶላር በ57 ብር ሲመነዘር 15,200 ብር ያህል ይሆናል፣ በ120 ሲመነዘር 32,000። እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ነገር ግን ከሐምሌ 2016 በፊትም ጥቁር ገበያው ዶላሩን ከ100 ብር በላይ ይመነዝር ነበር። ስለዚህ በባንክ ይቀበል የነበረ ቤተሰብ አተረፈ፤ በጥቁር ገበያ ይቀበል የነበረው ግን ያገኘው ጭማሪ ትንሽ ነው። የዘይቱና የማዳበሪያው ዋጋ ለሁለቱም እኩል ጨመረ። እጥፍ የሚለውን ቁጥር ብቻ ነጥሎ ለልጆቻችን የሚያወራው ደላላው ነው።

ደላላው የማያወራውን እኛ እንናገር። ወጪ መቀነስ የእኛ አገር ነገር ብቻ አይደለም። ሊባኖስ በ2012 ዓ.ም. ገንዘቧ ረክሶ ዕዳዋን መክፈል ሲያቅታት፣ አሠሪዎች መጀመሪያ የቀነሱት የቤት ሠራተኛን ነው። በዚያ ዓመት ሰኔ ላይ እህቶቻችን ደመወዛቸውን ሳይቀበሉ ቤይሩት በሚገኘው ቆንስላችን በር ላይ ከነሻንጣቸው ተጥለው ዓለም አይቷቸዋል። ከዚያ በፊት በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ሥራውን ለዜጎቼ ላድርግ ብላ ከ160,000 በላይ ወገኖቻችንን መልሳለች። ልጅቱ ከዚህ የሄደችው ኑሮ ስለጠበበ ነው፤ እዚያም ሲጠብባቸው መጀመሪያ የምትወጣው እሷ ናት። ለመንገዷ የተበደርነው ገንዘብ ግን አብሯት ተመልሶ አይመጣም።

ትልልቆቹ እናቶቻችን ይህ አዲስ እንዳልሆነ ያውቃሉ። በ1985 ዓ.ም. ዶላር ከ2.07 ብር ወደ 5 ብር ወጣ፤ በ1989 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ የማዳበሪያ ድጎማ ተነሳ። ከዚያ ርቀን ብንሄድ፣ በየካቲት 1966 ዓ.ም. ቤንዚን ሲጨምር የአዲስ አበባ ባለታክሲዎች ሥራ አቆሙ፤ መንግሥትም ጭማሪውን ለመቀነስ ተገደደ። ባለታክሲ መኪናውን ማቆም ይችላል። እኛ ምን እናቆማለን? ውኃ መቅዳት አይቆም፣ እንጀራ መጋገር አይቆም። ሸክሙ ወደኛ የሚዛወረው አንዱ ምክንያት እምቢ የሚልበት ሰው እዚህ ስለሌለ ይመስለናል። አድማ ምቱ ማለታችን አይደለም፤ ግን ዝም ማለታችን ሸክሙን እንዳላቀለለው አይተናል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ ከማህበሩ «ለመንገድ» ብድር የሚጠየቅ ከሆነ፣ ከመፈረሙ በፊት ከቤተሰቡና ከልጅቱ ጋር ተቀምጠን ሒሳቡን እንሥራ፤ የደላላውን ክፍያ፣ ሳትሠራ የምትቆይባቸውን ወራት፣ ብትመለስ ዕዳውን ማን እንደሚከፍል። አንከለክልም፤ እናሰላለን። ሁለተኛ፣ የማዳበሪያ ቁጠባን ሰኔ ሲደርስ ከመሯሯጥ በመኸሩ ጊዜ፣ እህል በእጃችን ሳለ እንጀምር። በቤት የተቀመጠ ብር ዋጋው እየቀነሰ እንደሚሄድም አንርሳ።

ሦስተኛው የወረዳው በጀት ነው። የወረዳ በጀት ሕዝብ እንዲያየው በሰሌዳ የሚለጠፍበት አሠራር አለ፤ ቆሞ የሚያነበው ግን ጥቂት ነው። አዲሱ የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ስለሆነ በነሐሴ የሚነሳ ጥያቄ ዘግይቷል። ከመካከላችን ሦስት እናቶች እንምረጥና ከፋሲካ በኋላ ወደ ወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ይሂዱ። ለጤና ጣቢያው መድኃኒት፣ ለውኃ ነጥቡ ጥገናና ከስደት ለሚመለሱ ልጆች ሥራ ማስጀመሪያ ስንት እንደተያዘ ጠይቀው በወረቀት ይዘውልን ይምጡ። ቁጥሩን ማንበብ የእኛ ሥራ ነው፤ እዚሁ ተቀምጠን አብረን እናነበዋለን።