ሳያድር የሚጋገር የብርቱካን ዳቦ



የዛሬው ንግግራችን ስለ ቁርስ ነው። ፊደል ለይታችኋል፤ ማንበብም ጀምራችኋል። ከእንግዲህ የምታነቡት ነገር ማጀት ድረስ ገብቶ ሊጠቅማችሁ ይገባል። እኛ ዘማቾች ብዙዎቻችን ያደግነው አዲስ አበባ፣ አራዳ ነው። ስለዚህ «ያ ሊጡ ሳያድር ተነፍቶ የሚወጣው የከተማ ዳቦ በምን ይሠራል? መድኃኒት አለው ይባላል» እያላችሁ ትጠይቁናላችሁ። አዎን፣ መድኃኒት አለው። አስማት ግን አይደለም። ለመሥራትም ፒያሳ ድረስ መሄድ አያስፈልግም።

በመጀመሪያ ስለ ቦታው ጥቂት እንበል። አራዳ የአዲስ አበባ የጥንት ገበያ ነበረ። ገበያው የሚቆመው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ነው። ገበሬው እህሉን፣ ቅቤውንና ማሩን በአህያ ጭኖ ወደዚያ ይወጣ ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣሊያኖች አገራችንን ወረው ሳለ ትልቁን ገበያ ከዚያ አንሥተው ወደ ምዕራብ ወሰዱና «መርካቶ» አሉት። የአራዳውን መሐል ደግሞ «ፒያሳ» አሉት። መርካቶ በቋንቋቸው ገበያ ማለት ነው፤ ፒያሳ ማለት አደባባይ ነው። እነሱ ተባረሩ፤ ቃላቸው ቀረ። ነጩን የስንዴ ዱቄት «ፉርኖ» ስትሉ እናንተም ሳታውቁት ጣሊያንኛ ትናገራላችሁ፤ ፉርኖ ማለት የዳቦ ምድጃ ነውና።

በፒያሳ ብዙ ዳቦ ቤቶችና ኬክ ቤቶች ነበሩ። ከእነዚህ ውስጥ ኤንሪኮ የሚባለው ኬክ ቤት ለብዙ ዓመታት ስሙ የታወቀ ነበር። ከፒያሳ ዝቅ ብሎ ደግሞ አትክልት ተራ ነበር። ብርቱካኑም፣ መንደሪኑም፣ ሎሚውም በጭነት መኪና የሚራገፈው እዚያ ነው። ብርቱካኑ በብዛት ከአዋሽ ሸለቆ፣ ከእነ ኑራ ኤራ እርሻ ይመጣ ነበር። አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ፤ ከዚያም ወደ ላፍቶ ሄደ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ ፈረሱ፤ መንገዱም ሰፋ። ዛሬ ወደዚያ የሚሄድ ሰው እኛ የነገርናችሁን ሁሉ አያገኘውም። ሙያው ግን ከቤቱ ጋር አይፈርስም።

በከተማ ጭማቂ ቤቶች የብርቱካኑ ውሃ ይጠጣል፤ ልጣጩ በጆንያ እየተሞላ ይጣላል። እኛ ለዛሬው ዳቦ በተለይ የምንፈልገው ያንን የሚጣለውን ነው። የብርቱካን ሽታ ያለው ውሃው ውስጥ አይደለም፤ ልጣጩ ውስጥ ባለው ዘይት ነው። ልጣጩን በጣታችሁ ጎንበስ አድርጋችሁ ብትጫኑት የሚረጨው ያ ነው።

እንግዲህ ይህን የመሰለውን ዳቦ እንግሊዞች «ስኮን» ይሉታል። የተጀመረው ስኮትላንድ በሚባለው አገር ነው። የዚያ አገር ገበሬ ድሮ ምድጃ አልነበረውም። ሊጡን ጠፍጥፎ፣ እሳት ላይ በተጣደ ክብ ብረት ይጋግር ነበር። ክብ ብረት ምን ይመስላችኋል? ምጣድ ነው እኮ! የዛሬው የሆቴል ቁርስ ጥንት የገበሬ ቂጣ ነበረ ማለት ነው።

ታዲያ ቂጣው እንዴት ተነፋ? የእኛን ዳቦ የሚያነሣው እርሾ ነው። እርሾ ሕይወት ያለው፣ በዓይን የማይታይ ደቃቅ ነገር ነው። የሊጡን ስኳር ይበላና አየር ያወጣል። አየሩ ከሊጡ ለመውጣት ሲታገል ሊጡ ይነፋል። የእንጀራ ዓይን የሚባለውም ይኸው አየር የወጣበት ቀዳዳ ነው። የአየሩ ስም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይባላል። የአምቦ ውሃ ሲከፈት የሚፈላውም እሱ ነው። እርሾ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ብርድ ሲሆን ደግሞ ያድራል፣ ይውላል።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1843 አልፍሬድ በርድ የሚባል እንግሊዛዊ መድኃኒት ቀማሚ ባለቤቱ እርሾ ያለበት ምግብ አይስማማትም ነበር። እርሷ የምትበላው ዳቦ ሊሠራ ብሎ ያለ እርሾ ሊጥ የሚያነሣ ዱቄት አወጣ። ዛሬ «ቤኪንግ ፓውደር» የምንለው ነው። ሚስጥሩ ቀላል ነው። ሶዳና የሚኮመጥጥ ነገር ሲገናኙ ያንኑ የእርሾውን አየር ወዲያው ይሰጣሉ። ማየት የሚፈልግ ሰው ብርጭቆ ውስጥ ቁንጥር የምግብ ሶዳ ያድርግና ሎሚ ይጭመቅበት። ዓይናችሁ እያየ አረፋ ይሆናል።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አንብቡ። የምግብ ሶዳ ሌላ ነው፤ ለሳሙና መሥሪያና ለማጠቢያ የሚሸጠው ካስቲክ ሶዳ ሌላ ነው። ሁለቱም ነጭ ናቸው፤ ሁለቱንም ነጋዴው «ሶዳ» ይላቸዋል። ካስቲክ ሶዳ የሰው ጉሮሮና አንጀት ያቃጥላል፤ ይገድላልም። ስለዚህ ስሙ ያልተጻፈበትን፣ በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሰጣችሁን አትግዙ። እሽጉን አዙሩና «ቤኪንግ ሶዳ» ወይም «ቤኪንግ ፓውደር» የሚለውን ራሳችሁ አንብቡት። ፊደል ያላወቀ ጎረቤት ካላችሁም አንብቡለት። ከገዛችሁ በኋላም ከማጠቢያው ሶዳ ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ አታስቀምጡት።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ለ8 ሰው ቁርስ የሚሆን መጠን ይህ ነው። የስንዴ ዱቄት 4 ብርጭቆ፣ ግማሽ ኪሎ ገደማ ማለት ነው። የምግብ ሶዳ 1 የሻይ ማንኪያ፣ ያውም ልክ እንጂ የተቆለለ ያልሆነ። ጨው ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ ስኳር 4 የሾርባ ማንኪያ። ለጋ ቅቤ 4 የሾርባ ማንኪያ። አሬራ ወይም እርጎ 1 ብርጭቆ ተኩል። የ2 ብርቱካን ልጣጭና የ1 ሎሚ ጭማቂ።

አሬራ ስንል እንዳትስቁ። ቅቤ ተንጦ ከወጣለት በኋላ የሚቀረውን አሬራ አንዳንዱ ሰው ይንቀዋል። በውጭ አገር ግን ጥሩ ስኮን ጋጋሪዎች ፈልገው የሚገዙት እሱን ነው። ኮምጣጣ ስለሆነ ሶዳውን ያስነሣዋል፤ ዳቦውንም ያለሰልሰዋል። ቅቤው ግን የተነጠረና ቅመም የገባበት አይሁን፤ ኮረሪማውና አብሹ የብርቱካኑን ሽታ ይውጠዋል።

ብርቱካኑን በደንብ እጠቡት፤ የብዙ ሰው እጅ ነክቶታል፣ የተባይ መድኃኒትም ተረጭቶበት ሊሆን ይችላል። ልጣጩ አረንጓዴ ቢሆን ግድ የለም፤ በሞቃት አገር የበሰለ ብርቱካንም አረንጓዴ ሊሆን ይችላል። ከዚያ የላይኛውን ስስ ልጣጭ ብቻ ፈቅፍቁ። ነጩ ጋ ስትደርሱ አቁሙ፤ ነጩ ይመራል። መፈቅፈቂያ የሌለው ሰው ባዶ የድልህ ጣሳ ዘርግቶ በሚስማር ደጋግሞ ይብሳው፤ ሻካራው ጎን እንደ ከተማው መፈቅፈቂያ ይሠራል። ጣታችሁን ብቻ ጠብቁ።

ዱቄቱን፣ ሶዳውን፣ ጨውንና ስኳሩን ቀላቅላችሁ በወንፊት ንፉት። ሶዳው እብጠት ሆኖ አንድ ቦታ ከቀረ ቢጫ ነጥብ ይሠራል፤ ሳሙና ሳሙናም ይላል። ቅቤውን ጨምሩና ፍርፋሪ እስኪመስል ድረስ በጣት ጫፍ ፈትጉት። ልጣጩን ጨምሩ። በመጨረሻ አሬራውንና የሎሚውን ጭማቂ አፍስሱና ቶሎ ቶሎ ሰብስቡት።

ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው። የድፎ ዳቦ ሊጥ በታሸ ቁጥር ይጣፍጣል፤ ይህኛው በታሸ ቁጥር ይጠነክራል። ስንዴ ሲታሽ እንደ ጅማት የሚሳብ ነገር ያወጣል። ድፎ ዳቦ ያን ጅማት ይፈልገዋል፤ ስኮን አይፈልገውም። ስለዚህ ሊጡ ሸካራ ቢመስላችሁም ተዉት። ሁለተኛው፣ መቆየት የለበትም። እሳቱ ቀድሞ ይዘጋጅ፤ ምጣዱ ቀድሞ ይሙቅ። ሊጡን ለኩሳችሁ ጎረቤት ቡና ልጠጣ ብትሉ አየሩ ይሸሻል፣ ቂጣ በልታችሁ ታድራላችሁ።

ሊጡን ሁለት ጣት ውፍረት አድርጋችሁ ክብ ጠፍጥፉትና እንደ አምባሻ 8 ቦታ ቁረጡት። የታሰሰ ምጣድ ላይ ወይም ኮባ ላይ አራርቃችሁ ደርድሩት። እሳቱ ነበልባል ሳይሆን ፍም ይሁን። አክንባሎ ክደኑበት። ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ቆይታችሁ ገልብጡት፤ ያንኑ ያህል ጠብቁ። ስንጥር ወግታችሁ ሊጥ ሳይዝ ከወጣ በስሏል። እንደ ድፎ ዳቦ ብዙ እንጨት አይፈጅም፤ ይህ ለእንጨት ለቃሚዋ ቀላል ነገር አይደለም።

የጾም ቀን ከሆነ ቅቤውን በዘይት፣ አሬራውን በብርቱካን ጭማቂ ለውጡት። የብርቱካኑም ኮምጣጤነት ሶዳውን ያስነሣዋል።

አንድ ጥያቄ ይነሣል። ብርቱካኑ ለጤና ነው ወይስ ለሽታ? እውነቱን እንናገር፤ ዳቦው ውስጥ ያለው ለሽታ ነው። ብርቱካንና ሎሚ ቫይታሚን ሲ የሚባለውን ይሰጣሉ፤ እሳት ግን ብዙውን ያጠፋዋል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1747 ጄምስ ሊንድ የሚባል የስኮትላንድ ተወላጅ የመርከብ ሐኪም ነበር። በዚያ ዘመን ወራት ባሕር ላይ የቆዩ መርከበኞች ድዳቸው እየደማ፣ ጥርሳቸው እየረገፈ ይሞቱ ነበር። ሊንድ 12 በሽተኞችን ሁለት ሁለት አድርጎ ለየብቻ ሞከራቸው። ፈጥነው የዳኑት በየቀኑ ብርቱካንና ሎሚ የበሉት ሁለቱ ናቸው። ያውም ጥሬውን ነው የበሉት። ስለዚህ ልጣጩን ከፈቀፈቃችሁ በኋላ ብርቱካኑን ራሱን ለልጆቹ ከፍላችሁ ከዳቦው ጋር ስጡ።

ለእናቶች ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። በጤፍ፣ በምስርና በጎመን ውስጥ ለደም የሚሆን ብረት አለ፤ ሰውነት ግን በቀላሉ አይወስደውም። ብርቱካን ወይም ሎሚ አብሮ ሲበላ የበለጠ ይወስደዋል። ቡናና ሻይ በተቃራኒው ይከለክሉታል። ነፍሰ ጡር ሴት ብርቱካኑን ከምግቡ ጋር ብትበላ፣ ቡናውን ግን ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል ብታቆየው ደም ማነስን ለመከላከል ይረዳታል። ቡናን ተዉ አላልንም፤ ቡና ተዉ የሚል ሰው በዚህ አገር ማን ይሰማዋል?

ይህን ዳቦ በየቀኑ ጋግሩ ማለታችንም አይደለም። ስኳርና ቅቤ ገንዘብ ነው። በሶ፣ ቆሎና ገንፎ ጥሩ ቁርስ ናቸው፤ የከተማ ምግብ ሁሉ ከገጠር ምግብ ይበልጣል የሚላችሁ ቢመጣ አትመኑት። ነገር ግን እንግዳ በድንገት ሲደርስ፣ ሊጥ ሳይቦካ ሲቀር፣ ልጅ ሩቅ ትምህርት ቤት ማልዶ ሊሄድ ሲነሣና ሞሰቡ ባዶ ሲሆን፣ በግማሽ ሰዓት ተሠርቶ የሚወጣ ዳቦ ማወቅ ይጠቅማል። ስንዴውን በርካሽ ሸጦ በገበያ ቀን ዳቦ በውድ ገዝቶ የሚገባ አባወራም ይህን ያስብበት።

አባወራ ካልን ዘንድ፣ ባለፈው ሳምንት አንዳንድ አባቶች «መጋገር የሴት ሥራ ነው፣ ለእኛ ለምን ይነበባል?» ብለው ነበር። በአዲስ አበባ ዳቦ ቤቶች ሌሊቱን ሙሉ ቆመው ሲጋግሩ የሚያድሩት በአብዛኛው ወንዶች ናቸው። እጃቸው አልደረቀም። እናት በታመመች ቀን ልጆቹ ጦም የሚያድሩበት ምክንያት የለም።

ዳቦው ትኩሱን ሲበላ ነው የሚጥመው፤ ማር ቢቀባ የበለጠ ነው። በማግስቱ ይደርቃል። የተረፈውን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አሳድሩና ጠዋት ለሁለት ከፍላችሁ የሞቀ ምጣድ ላይ አገላብጡት።