የደፈንሁት ክፍተት
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እኔ የሕንጻ መሐንዲስ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ስለ አለርጂ ለመናገር ያደፋፈረኝ በገዛ እጄ የሠራሁት ስሕተት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት መሐል ሜዳ አጠገብ የሚገኘውን የእናቴን ቤት አደስሁ። የጓሳ ሣር ክዳኑን አንሥቼ ቆርቆሮ አለበስሁት፤ ብርድ እንዳይገባም በግድግዳውና በጣራው መካከል የነበረውን ክፍተት ሁሉ ደፈንሁ። ጎረቤቱ ሁሉ መረቀኝ። በሁለተኛው ክረምት ግን እናቴ ደረቷ ሲር ሲር እያለ ሌሊቱን መተኛት ተሳናት። ሰው ሁሉ «ብርድ ነው» አለ። የመረመራት ሐኪም ግን አስም መሆኑን ነግሮን፣ «የምትተኛበት ቤት እንዴት ያለ ነው?» ሲል ጠየቀ። ጥያቄው የሚመለከተው እኔን ነበር።

በቤት ውስጥ አለርጂ የሚቀሰቅሱ ነገሮች ብዙ ናቸው፤ የድመትና የከብት ፎረፎር አለ፣ የእርጥብ ግድግዳ ሻጋታ አለ። ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ግን በዓይን የማይለይ የአቧራ ተባይ ነው። የሆላንድ ተመራማሪዎች ቮርሆርስትና ስፒክስማ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1964 የቤት አቧራን ጠንቅ ከዚህ ተባይ ጋር አያያዙት። የሚመገበው ከሰውነታችን የሚረግፈውን የቆዳ ብናኝ ነው፤ ሰውነትን የሚያስቆጣው በይበልጥ ኩሱ ነው። ውኃ አይጠጣም፤ እርጥበትን ከአየር ይስባል። ስለዚህ አየሩ ደርቆ ከቆየ ይሞታል።

የመንዝ ሰው ይህን ሲሰማ፣ «እኛ ከ3000 ሜትር በላይ ነን፣ ምን አገባን?» ይል ይሆናል። በእርግጥ በስዊስ ተራሮች፣ በዳቮስ፣ ተባዩ ጥቂት ሆኖ ተገኝቷል። ነገር ግን ጠባቂው የአየሩ ድርቀት ነው እንጂ ከፍታው ብቻውን አይደለም። በሐምሌና በነሐሴ ጉም በጓሳ ላይ ሲተኛ ድርቀት ከየት ይመጣል? የሣሩ ክዳን ይተነፍስ ነበር። ቆርቆሮው ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ የሰው ትንፋሽና የድስት እንፋሎት ከሥሩ ጤዛ ሆኖ ይንጠባጠባል። መውጫውን ደግሞ እኔ ደፍኜዋለሁ። ከአልጋው ጀርባ ያለውን ግድግዳ ሻጋታ አጥቁሮት፣ ባናውንም እርጥብ ሆኖ አገኘሁት።

ባናን ለመክሰስ አልመጣሁም። ወደ ጥንቱ ቤትም እንመለስ አልልም፤ የኩበት ጢስም ሳንባን ይጎዳል። ሆኖም በ1997 እ.ኤ.አ. በላንሴት መጽሔት የታተመው የጅማ ጥናት አስም ከገጠሩ ይልቅ በከተማው በዝቶ መገኘቱን ገልጿል። ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል፤ የገጠሩን ቤት ወደ ከተማ ቤት የምንለውጠው ግን እኛ ነን።

ኮርኒስ አበጀሁ፤ ከበላዩ የአየር መግቢያና መውጫ ከፈትሁ፤ አልጋውን ከግድግዳው አራቅሁ። አንሶላው በየሳምንቱ በ60 ዲግሪ ውኃ ይታጠባል። ባናው ፍል ውኃ ስለማይችል ለፀሐይ ይሰጣል።

እናቴ መድኃኒቷን አልተወችም፤ ሌሊቱን ግን ትተኛለች። ባለፈው ጥር ጎረቤቷ ቤቱን ቆርቆሮ ሲያለብስ፣ ጭቃ ይዞ ክፍተቱን ሊደፍን የወጣውን ሠራተኛ ከመሰላሉ ያወረደችው እርሷ ናት።