ከተራራው በፊት ፍሬኑ

እሱ፦ ካናዳ፣ ዊስለር። በረዶው ሲቀልጥ ተራራው የብስክሌተኞች ይሆናል፤ ሰውም ብስክሌቱም በገመድ ማንሻ ይወጣሉ፣ ቁልቁል በጎማ ይወርዳሉ። የ5 ዓመት ልጅ እዚያ ምን ያደርጋል?

እሷ፦ መጀመሪያ መቼ ይወጣና! ሰፈሩ ውስጥ፣ ፔዳል በሌላት ትንሽ ብስክሌት መሬቱን በእግሩ እየገፋ ሚዛን ይልመድ።

እሱ፦ ከዚያ ተራራ?

እሷ፦ ኧረ ቀስ በል! ፍሬኑስ? የልጅ ጣት አጭር ነው፤ የፍሬኑ እጀታ ወደ መሪው ካልቀረበለት አይደርስበትም። የፊቱን ብቻ ድንገት ከጨመቀ ደግሞ በመሪው ላይ ሊወረወር ይችላል። ሁለቱንም ለስለስ አድርጎ መያዝ ሜዳ ላይ ይማር። ክብደቱንም አስበው፤ የ20 ኪሎ ልጅ የ10 ኪሎ ብስክሌት ሲይዝ የራሱን ግማሽ እየታገለ ነው።

እሱ፦ ለእኔ 40 ኪሎ መሆኑ ነው። ይቅርብኝ!

እሷ፦ የልጁ እጅ ሲዝል ፍሬን መያዝ ያቅተዋል፤ እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ተራራው ላይ ሲወጣም መንገዱ አረንጓዴ ክብ ምልክት ያለው፣ ቀላሉ ይሁን። ፊት የሚሸፍን ሄልሜት፣ የጉልበትና የክርን መከላከያ የግድ ነው።

እሱ፦ አባትየው «አንዴ እንድገም» ቢልስ?

እሷ፦ ልጁ ካለ፣ እሺ። አባትየው ካለ ብቻውን ይውጣ።