ግዛት ለሚቀይር የነርስነት ተማሪ

እርሱ፦ ከካሊፎርኒያ ወደ ቴክሳስ ለመዛወር የቈረጠ፣ ሕሙማንንም በማገልገል ሙያ ለመኖር በልቡ ያሰበ ወገናችን፣ ትምህርት ቤት ሲመርጥ ከሁሉ አስቀድሞ ምን ሊመረምር ይገባዋል ይላሉ፣ እኅቴ?

እርሷ፦ ከሕንፃው ውበትና ከማስታወቂያው ጣዕም በፊት፣ ወንድሜ፣ የቴክሳስ የነርሶች ቦርድ ትምህርት ቤቱን ያጸደቀው መሆኑን አረጋግጦ፣ ተማሪዎቹ ኤንክሌክስ የተባለውን የፈቃድ ፈተና ምን ያህል እንደሚያልፉ ይመልከት፤ ቦርዱ ለሕዝብ የሚገልጸው ይህ መጠን ከማናቸውም ውዳሴ ይልቅ የታመነ ምስክር ነውና።

እርሱ፦ ቀድሞ የተማረው አናቶሚና ማይክሮባዮሎጂስ?

እርሷ፦ አንዳንዱ ኮሌጅ ዓመታት ያለፉበትን የሳይንስ ትምህርት ስለማይቀበል፣ ጓዙን ሳይጠቀልል ትራንስክሪፕቱን ልኮ መልሱን በጽሑፍ ይቀበል። በመንግሥት ኮሌጅ የነዋሪን ክፍያ ለማግኘትም በደንቡ የ12 ወር ነዋሪነት ይጠየቃልና፣ የቸኰለ ሰው ከፍ ያለውን ዋጋ ይከፍላል።

እርሱ፦ ስለ ሥራ ፈቃዱም ካነሣን፣ ቴክሳስ የነርሶች የፈቃድ ስምምነት አባል ስለሆነች፣ በዚያ ነዋሪ የሆነ ነርስ በሚያገኘው የጋራ ፈቃድ በሌሎቹ አባል ግዛቶችም ሊሠራ ይችላል፤ ካሊፎርኒያ ግን ወደ ስምምነቱ ስላልገባች፣ ወደዚያ የሚመለስ ሰው ሌላ ፈቃድ መጠየቁ ግድ ነው።

እርሷ፦ እንግዲህ በአረጋውያን መጦሪያ ቤት በሌሊት ፈረቃ ደክመው ገንዘብ ያጠራቀሙ እኅቶቻችንና ወንድሞቻችን፣ የድካማቸውን ዋጋ ለትምህርት ቤት ከማስረከባቸው አስቀድሞ ይህን ሁሉ በትዕግሥት እንዲመረምሩ ከልብ እንለምናቸዋለን።