ከሩቅ ሆኖ የሰውን ኮምፒዩተር ስለ መያዝና ስለ መጠበቅ

(በዕድራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በዚህ ጉባኤ ፊት እንድንናገርበት የተሰጠን ጉዳይ፣ ውጭ አገር ያለ ሰው እዚህ ሰፈራችን ያለውን የዕድሩን ኮምፒዩተር በኢንተርኔት መስመር ገብቶ ሊያስተካክለውና ሊጠብቀው ይገባል ወይ፣ የሚገባ ከሆነስ እንዴት ባለ ሁኔታ ነው የሚል ነው። እኛ የተማርነው እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ዕድሜያችንን የጨረስነውም በመዝገብ ቤት ነው። ስለዚህ የኮምፒዩተር ሊቅ መስለን አንቀርብም። ነገር ግን ጉዳዩን ጠጋ ብለን ስናየው፣ ግማሹ የማሽን፣ ግማሹ የመዝገብ ቤት ነገር ሆኖ አገኘነው። ስለ ሁለተኛው ግማሽ የምንለው አናጣም።

ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው። እንደምታውቁት በትልቁ ባሕር መዝገብ የነበረው የአባላት ዝርዝር ወደ ኮምፒዩተር ተገልብጦአል። የአባሉ ስም፣ የትዳር ጓደኛው፣ የልጆቹ፣ የወላጆቹና የአማቶቹ ስም፣ የስልክ ቁጥሩ፣ የወር መዋጮው፣ ውዝፉም ጭምር እዚያ ውስጥ ነው። ኮምፒዩተሩ ከጥቂት ጊዜ ወዲህ እየዘገየ፣ ያልጠራነው ማስታወቂያ እየደቀነብን አስቸገረ። ይህን የሰማ፣ በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር፣ ሙያውም ይኸው የሆነ የአንድ አባላችን ልጅ «እኔ ከዚሁ ሆኜ አስተካክልላችኋለሁ፤ መግቢያውን ብቻ ስጡኝ» አለን። እግዚአብሔር ይስጠው። ጉባኤው ግን ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «ልጃችን አይደለም እንዴ! ቁልፉን ሰጥተን እንገላገል» ሲል፣ ሌላው ደግሞ «የዕድሩን ገመና ለአሜሪካ አናሳይም» አለ። እኛ ሁለቱንም እንዳሉ አንቀበላቸውም፤ ለምን እንደሆነ እናስረዳለን።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። በሁለቱም ኮምፒዩተሮች ላይ አንድ ዓይነት ፕሮግራም ይጫናል። ስማቸው ከታወቀው ውስጥ ቲምቪውወር በፈረንጅ አቆጣጠር በ2005፣ ኤኒዴስክ ደግሞ በ2014 ጀርመን አገር የተቋቋሙ ድርጅቶች ሥራ ናቸው። ዊንዶውስ ራሱም ኩዊክ አሲስት የሚባል አለው። ኤኒዴስክን ብንወስድ፣ ለእያንዳንዱ ኮምፒዩተር እንደ ስልክ ያለ ቁጥር ይሰጠዋል። ረዳቱ ያንን ቁጥር ሲመታ በእኛ ስክሪን ላይ «እገሌ ሊገባ ይፈልጋል፤ ይግባ ወይስ ይከልከል?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ይግባ ካልን እኛ የምናየውን ሁሉ ያያል፤ በማውዝ የምናንቀሳቅሳት ቀስትም በራሷ ስትሄድ እናያለን። መጀመሪያ ያየ ሰው ጋኔን የገባበት ነው የሚመስለው።

በኩዊክ አሲስት ደግሞ ረዳቱ ስድስት ምልክት ያለው ኮድ አውጥቶ በስልክ ይነግረናል። ኮዱ በ10 ደቂቃ ውስጥ ካልተጻፈ አይሠራም። ከገባም በኋላ ማየት አንድ ፈቃድ ነው፤ እጅን ሰዶ መንካት ሌላ ፈቃድ ነው፤ ለየብቻ ይጠየቃሉ። የጉግል የሆነው ክሮም ሪሞት ዴስክቶፕም በአንድ ጊዜ ኮድ ሲገባበት፣ በየ30 ደቂቃው «ይቀጥል ወይ?» ብሎ ባለቤቱን ይጠይቃል። ይህን ያሰበው ሰው መዝገብ ቤት ሳይሠራ አልቀረም።

ይህ እንግዲህ አንኳኩቶ መግባት የምንለው ነው። ሁለተኛው ዓይነት ግን ሌላ ነው። ለረዳቱ ቋሚ የይለፍ ቃል ይሰጠዋል። ከዚያ ወዲያ ማንም «ይግባ» ማለት የለበትም፤ ኮምፒዩተሩ በርቶ መስመር እስካለው ድረስ ሰው በሌለበት፣ በሌሊትም ሆነ በበዓል ቀን ይገባል። ብዙ ማሽን ላለው ትልቅ መሥሪያ ቤት ይህ ይጠቅማል። ልጃችንም የጠየቀን ይህንኑ ነው፤ በተንኮል ሳይሆን ለሥራ ስለሚመቸው።

ቢሮ የሠራችሁ ታስታውሳላችሁ። የመሥሪያ ቤቱ ማኅተም የሚቆለፈው በኃላፊው መሳቢያ ነው። ጸሐፊው የቱንም ያህል ታማኝ ቢሆን ማኅተሙን ይዞ ቤቱ አያድርም። እምነት ስለ ጎደለበት አይደለም፤ ማኅተሙ እቤቱ ካደረ የእሱ ቤት በር የመሥሪያ ቤቱ በር ስለሚሆን ነው እንጂ። የልጃችንም ጉዳይ ይኸው ነው። ልጁ የሚረዳው እኛን ብቻ አይደለም፤ ወላጆቹንም፣ አክስቱንም፣ ጓደኞቹንም ይረዳል። የአሥር ቤት ቁልፍ በአንድ ላፕቶፕ ውስጥ ተቀመጠ ማለት ነው። ያ ላፕቶፕ አንድ ቀን ቢሰረቅ፣ ወይም የይለፍ ቃሉ ቢታወቅበት፣ ሌባው አሥሩንም በር ሳይሰብር ይገባል። የፕሮግራሙ ባለቤቶችም ቢሆኑ ከዚህ አላመለጡም፤ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ኤኒዴስክ የራሱ ኮምፒዩተሮች በሰርጎ ገቦች መደፈራቸውን አስታውቆ፣ የደንበኞቹን የድረ ገጽ የይለፍ ቃል ሰርዞ አዲስ እንዲያወጡ አድርጎአል። ቁልፍ ሠሪው ራሱ ከተደፈረ እኛ ምን ይዘን እንመካለን?

«ገመናችንን አናሳይም» ለሚሉትም መልስ አለን። ዝርዝሩ በማይታደስና ጠባቂ በሌለው ኮምፒዩተር ውስጥ ሲቀመጥ ገመናው ከአሁኑ በላይ ይጋለጣል እንጂ አይሸፈንም። በግንቦት ወር 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ከ150 በሚበልጡ አገሮች ኮምፒዩተሮችን ቆልፎ፣ ለመክፈቻ ከ300 ዶላር ጀምሮ ጠይቆ ነበር። የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ ቀጠሮ ሰርዘዋል። የሚያሳዝነው፣ ቫይረሱ የገባበት ቀዳዳ መድፈኛ ማይክሮሶፍት ሁለት ወር ቀድሞ አውጥቶ ነበር። ሳይደርቅ በእርጥቡ የሚባለው ለዚህ ነው። የእኛ ኮምፒዩተር ዊንዶውስ 10 ነው፤ ለእሱ ይሰጥ የነበረው የተለመደ ነጻ እድሳት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቶአል። ይህን አይቶ የሚነግረን ባለሙያ ያስፈልገናል፤ በሰፈራችን ደግሞ አላገኘንም።

ስለዚህ የእኛ ሐሳብ ልጁ ይግባ ነው። ነገር ግን አንኳኩቶ ይግባ፤ ስንገባ ይግባ፤ ስንወጣ ይውጣ። ሕጉም ከዚህ ጋር ይስማማል። ስለ ኮምፒዩተር ወንጀል የወጣው አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚከለክለው ያለ ፈቃድ መግባትን ብቻ አይደለም፤ ከተሰጠ ፈቃድ በላይ አልፎ መሄድንም ነው። ፈቃዱ የት ድረስ እንደሆነ ካልተነገረ ግን ማን ማንን «አለፍክ» ይለዋል? ለልጁም ለራሱ መከላከያው ይኸው ነው። ነገ አንድ የመዋጮ ሂሳብ ቢዛባ ጣት የሚቀሰረው በማን ላይ እንደሆነ እናውቃለን፤ ከሩቅ ያለ ሰው ደግሞ ቶሎ ይታማል።

ከገባ በኋላ ምን ይሥራ ለሚለው፣ ከልጁ ጋር በስልክ ተነጋግረን የተረዳነውን እንናገር። ያልታወቁ ፕሮግራሞችን ይነቅላል፤ እድሳቱን ያስተካክላል፤ ዊንዶውስ ውስጥ ያለው ሪሞት ዴስክቶፕ የሚባለው በር ለኢንተርኔት ክፍት ሆኖ እንደሆነ ይዘጋዋል። ከሁሉ የወደድነው ግን አንዱን ነገር ነው፤ ኮምፒዩተሩ ላይ ሁለት ዓይነት መግቢያ ያወጣል። አንዱ የዕለት ሥራ የምንሠራበት ነው፤ በእሱ ፕሮግራም መጫን አይቻልም። ሌላው የአስተዳዳሪው ነው፤ እሱ የሚከፈተው ጥገና ሲኖር ብቻ ነው። እንዲህ ከሆነ ጸሐፊያችን በድንገት የማይሆን ነገር ቢጫን እንኳ ጉዳቱ ይቀንሳል። ግልባጩ ደግሞ በውጭ ዲስክ ይወሰድና ዲስኩ ተነቅሎ ካዝና ውስጥ ይገባል። ሳይነቀል ከዋለ ኮምፒዩተሩን የቆለፈው ቫይረስ ግልባጩንም ይቆልፈዋል፤ የቤት ቁልፍን በሩ ላይ ሰክቶ እንደ መሄድ ነው።

የዕድሩ የባንክ ሂሳብ በዚያ ኮምፒዩተር አይከፈት። ይህን አንከራከርበትም።

ቋሚ መግቢያ ፈጽሞ አይሰጥ አንልም። ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ዓይናቸው የደከመ፣ «ይግባ» የሚለውን አይተው መጫን የማይችሉ እናት ቢኖሩ፣ ውጭ ያለ ልጃቸው ያለዚያ ሊረዳቸው አይችልም። ለእንዲህ ያለው ቃሉ ረጅምና ሌላ ቦታ ያልተሠራበት ይሁን፤ ከቃሉ ሌላ በልጁ ስልክ የሚመጣ ሁለተኛ ኮድ ይጠየቅ፤ ከልጁ ማሽን በቀር ሌላ ቁጥር እንዳይገባም ይከልከል። ፕሮግራሞቹ ይህን ሁሉ ያውቃሉ፤ ካልታዘዙ ግን አያደርጉትም።

አሁን ወደ ስልክ እንምጣ፤ ይህን ሳንናገር ብንወርድ አትምሩንም። በእጃችሁ ያለው ስልክ ኮምፒዩተር ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር መጥቶ፣ ባንኮችም በሞባይል መሥራት ከያዙ ወዲህ ገንዘባችንም እዚያው ገብቶአል። በሰፈራችን አንዲት እናት ላይ የደረሰውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። አንድ ሰው ደወለና፣ አክብሮ «እማማ» እያለ፣ «ከባንክ ነው፤ ሂሳብዎ ሊዘጋ ስለሆነ እናድሰው» አላቸው። አንድ አፕ አስጫናቸው፤ ቁጥሩን አንብቡልኝ አለ፤ አነበቡለት፤ ይህን ይጫኑ አለ፤ ጫኑለት። ከዚያ ወዲያ የባንኩ ኮድ ሲመጣ እሳቸው ሳያነቡት እሱ እያየው ነበር። የልጅ መርጃ የሆነው ያው ዓይነት ፕሮግራም የሌባ መግቢያ ሆነ። እሳቸውን ሞኝ ያላችሁ አላችሁ፤ ደግ አላደረጋችሁም። የተጠቀመበት ሞኝነታቸውን ሳይሆን ትሕትናቸውን ነው፤ በትሕትና ያነጋገረን ሰው ስልክ መዝጋት አልለመድንማ።

መለያው ቀላል ነው፤ ማን ደወለ? እኛ ችግር ገጥሞን፣ እኛ በምናውቀው ቁጥር ደውለን ያስገባነው ሰው ረዳት ነው። ሳንጠራው ደውሎ «ልግባ» ያለው፣ ከባንክም ይበል ከማይክሮሶፍት፣ አይገባም። ዛሬ ድምፅም ይመሰላልና ልጃችሁ የመሰለ ሰው ቢደውል እንኳ ዘግታችሁ እናንተው መልሳችሁ ደውሉለት። ገብቶ ከተገኘ ደግሞ አትከራከሩት፤ ስልኩን አጥፉ። በሌላ ሰው ስልክ ለባንኩ ደውላችሁ ሂሳቡን አሳግዱ፤ የይለፍ ቃሉንም በሌላ ስልክ ቀይሩ። ኀፍረት ይዞአችሁ እስከ ነገ አትቆዩ፤ ገንዘቡ የሚሄደው በዚያች ሰዓት ነው።

ስለ ቀጠሮ ሰዓት አንዲት ነገር እንጨምር፤ ትንሽ ብትመስልም ሰው ታጣላለች። እኛ ከምሽቱ 3 ሰዓት ስንል በዋሽንግተን ገና ቀን ነው፤ በእኛ አቆጣጠር እንደ ወቅቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ይሆናል። ልጁ «3 ሰዓት» ሲል ደግሞ የፈረንጁን ይሁን የእኛን አይታወቅም። ስለዚህ «በአዲስ አበባ፣ በአበሻ ሰዓት» ተብሎ ይጻፍ።

የመጨረሻው ነገር እኛ ዕድርተኞች ከማንም ይልቅ የምናውቀው ነው፤ ሰው ይሞታል። በአንድ ጎረቤት ዕድር ጸሐፊው በድንገት ሲያርፉ የኮምፒዩተሩ የይለፍ ቃል ከእሳቸው ጋር ሄደ። በገዛ ቀብራቸው ቀን ተረኛው ማን እንደሆነ፣ ድንኳንና ወንበር ማን ዘንድ እንዳለ የሚያሳየው ዝርዝር አልከፈት ብሎ ሲታመስ ተዋለ። ጥሩምባ ከተነፋ በኋላ የይለፍ ቃል አይፈለግም። ስለዚህ የአስተዳዳሪው ቃልና የረዳቱ ስልክ በወረቀት ተጽፎ በፖስታ ይታሸግ፤ በማሸጊያው ላይ ሰብሳቢው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ይፈርሙበት፤ ካዝና ይቀመጥ። አንድ ጊዜ ከተከፈተ ቃሉ ይቀየርና አዲስ ይታሸግ። የአባላቱም ዝርዝር በየሦስት ወሩ በወረቀት ይታተም፤ መብራት በጠፋ ሌሊትም ሞት ይመጣልና።

ለመግቢያው የሚሆን ባለ 100 ገጽ ደብተር ተገዝቶአል። ዓምዶቹንም አስምረናል፤ ቀን፣ የገባበት ሰዓት፣ የገባው ሰው፣ የሠራው ሥራ፣ የወጣበት ሰዓት፣ የተቀመጡት ሁለት ሰዎች ፊርማ። ልጁ ለመጪው ቅዳሜ ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ በአዲስ አበባ ሰዓት፣ ቀጠሮ ይዞልናል። አንዱ ጸሐፊያችን ናቸው፤ ሁለተኛው ሰው ዛሬ ይመረጥልን።