የሞኒካ ጸሎት በአውግስጢኖስ «ኑዛዜ»

አቅራቢ 1፦ ስለ እናትነትና እምነት ከሚናገሩ ጥንታዊ የክርስትና መጻሕፍት አንዱ የአውግስጢኖስ «ኑዛዜ» ነው። እ.ኤ.አ. በ397 ገደማ በላቲን መጻፍ የተጀመረ ሲሆን 13 ክፍሎች አሉት። የእናቱ የሞኒካ ሕይወት በሰፊው የተተረከው በዘጠነኛው ክፍል ነው።

አቅራቢ 2፦ ሞኒካ የኖረችው በዛሬዋ አልጄሪያ፣ በታጋስቴ ነበር። ባለቤቷ ፓትሪክዮስ ግልፍተኛ ሰው ነበር። ሲቆጣ ዝም ትለውና ቁጣው ሲበርድ ነገሩን ታስረዳዋለች። በሕይወቱ ማብቂያ ላይ ክርስቲያን ሆነ።

አቅራቢ 1፦ ልጇ ግን ማኒ በተባለ የሃይማኖት መሥራች ትምህርት ተማርኮ ለዘጠኝ ዓመታት ያህል ቆየ። አንድ ጳጳስ ከልጇ ጋር ከመከራከር ይልቅ እንድትጸልይለት መከራት። አውግስጢኖስ ወደ ሮም ሲሄድም ዋሽቷት፣ እሷ በቅዱስ ቆጵርያኖስ መታሰቢያ እያነባች ስትጸልይ በሌሊት በመርከብ ሄደ።

አቅራቢ 2፦ እሷም ተስፋ ሳትቆርጥ ባሕር ተሻግራ እስከ ሚላን ተከተለችው። እ.ኤ.አ. በ387 በትንሣኤ በዓል አውግስጢኖስ በከተማዋ ጳጳስ በአምብሮስዮስ እጅ ተጠመቀ፤ ሞኒካም በዚያው ዓመት በኦስትያ በ56 ዓመቷ ዐረፈች። ልጆቿ በመሠዊያው ፊት እንዲያስቧት አደራ ብላለች።

አቅራቢ 1፦ መጽሐፉ የእናትን ድካም ሳይሸፍን ጽናቷን ያሳያል፤ ልጃቸው ከእምነት የራቀባቸው ወላጆች እስከ ዛሬ የሚጽናኑበትም ለዚህ ነው።