አስተርጓሚ የሚያሻው ጨዋታ

(በተማሪዎች ማኅበር የቅዳሜ ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



ስለ ጨዋታ ልንናገር መሆኑ በተሰማ ጊዜ አንዳንድ ወዳጆቻችን «ፈተና ደርሶ ሳለ ስለ ጨዋታ ምን ይወራል?» ብለው ቀልደውብናል። አልተቀየምናቸውም። ነገር ግን ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ በጨዋታ ቢጀምርም የሚያልቀው በሰውና በሰው መግባባት ላይ ስለ ሆነ፤ ጥቂት ደቂቃ እንድትታገሡን እንለምናለን።

ጨዋታውን ለማያውቁት አስቀድመን እንግለጽ። አራት ወይም አምስት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። ከመካከላቸው አንዱ መሪ ይሆንና በምናብ የተፈጠረ አገር ይተርካል፤ የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው «እኔ በዚህ በኩል እገባለሁ፤ እንዲህ ብዬ እመልስለታለሁ» እያሉ ታሪኩን ይቀጥላሉ። ነገሩ አጠራጣሪ ሲሆን ዳይስ ይጣላል። ከእነዚህ ጨዋታዎች በዝና የሚቀድመው ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡት ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ነው። እኛም አምስት ሆነን በመኝታ ክፍላችን የምንጫወተው ይኸንኑ ነው፤ መጽሐፉ እንግሊዝኛ፤ ወጉ አማርኛ።

በዚህ ምናባዊ ዓለም ውስጥ ቋንቋ ሞልቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የተጫዋቾች መጽሐፍ ስምንት የተለመዱና ስምንት እንግዳ ቋንቋዎችን ይዘረዝራል። ድዋርፍ የተባሉት አጫጭር የተራራ ሰዎች የራሳቸው ቋንቋ አላቸው፤ ኤልፎችም አላቸው፤ ጎብሊን የተባሉት ትንንሽ ፍጥረቶችም አላቸው። የሚጻፉበት ፊደል እንኳ ተለይቶ ተመድቧል፤ ጎብሊንኛ ለምሳሌ የሚጻፈው በድዋርፍ ፊደል ነው። አዲስ ቋንቋ መማር የሚሻ ገጸ ባሕርይ አስተማሪ ፈልጎ 250 ቀን ይማራል፤ በየቀኑም አንድ የወርቅ ሳንቲም ያወጣል። ይኸን ያነበበ ሰው «እነዚህ ሕዝቦች ሲገናኙ ምንኛ ይቸገሩ ይሆን!» ማለቱ አይቀርም።

ነገር ግን እምብዛም አይቸገሩም። ምክንያቱም አብዛኞቹ የሚናገሩት «የወል ቋንቋ» የሚባል አለ። ይኸ ሐሳብ ከጨዋታው በፊት በጄ. አር. አር. ቶልኪን ድርሰት ውስጥ ይገኛል። ቶልኪን በኦክስፎርድ የጥንታዊ እንግሊዝኛ ፕሮፌሰር ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1954 እና በ1955 ባሳተሙት «ዘ ሎርድ ኦቭ ዘ ሪንግስ» ውስጥ ልዩ ልዩ ሕዝቦች በአንድ የወል ቋንቋ ይነጋገራሉ። እርሳቸው ግን የቀሩትን ቋንቋዎች ችላ አላሉም፤ ለኤልፎቹ ቋንቋዎች ሰዋስው እስከ ማበጀት ደርሰዋል። ተጓዦቻቸው በሞሪያ በር ላይ የተጻፈውን የኤልፍ ጽሑፍ ማንበብ ችለው ሳለ፤ አንዲት ቃል በትክክል ባለመተርጐማቸው ብቻ ለብዙ ጊዜ ደጅ ቆመው ይቀራሉ። ወደ ጨዋታው በአመዛኙ የተሻገረው ግን ምቾቱ ነው። የወል ቋንቋ ሳይበቃ ቢቀር ደግሞ አስማት አለ፤ ጀማሪ አስማተኛ እንኳ ማናቸውንም ቋንቋ ለአንድ ሰዓት እንዲረዳ የሚያደርገው ድግምት አለው፤ ከፍ ያለ ደረጃ የደረሰው ደግሞ ለመናገርም የሚያበቃ ሌላ አለው።

እኛም ሁለት ወር ያህል በዚሁ ምቾት ተጫወትን። በየወረቀታችን ላይ የጻፍናቸው ቋንቋዎች ሳጥን ውስጥ እንደ ተቀመጠ ልብስ አንድ ቀን እንኳ ሳይወጡ ቀሩ። በሦስተኛው ወር ግን «የወል ቋንቋ ይቅርብን፤ አስማቱም ለጊዜው ይታገድ» ብለን ተስማማን።

በዚያ ምሽት ተጓዦቻችን ከአንድ ገደል አፋፍ ደረሱ። ገደሉን የሚያሻግር የገመድ ድልድይ አለ፤ በድልድዩ ጫፍ ሦስት ጎብሊኖች ቆመው እጃቸውን እያወናጨፉ ይጮኻሉ። ከመካከላችን ጎብሊንኛ የሚያውቅ አንድ ድዋርፍ ብቻ ነበረ። መሪው ጎብሊኖቹ የተናገሩትን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ለድዋርፉ ተጫዋች ብቻ ሰጠው። እርሱም አንብቦ ወረቀቱን ኪሱ ከተተና «ካለፋችሁ እንገድላችኋለን ይላሉ» አለን። ሰይፍ መዘዝን፤ ጎብሊኖቹ ሸሹ፤ ወደ ድልድዩም ገባን። ከመካከሉ ስንደርስ ገመዱ ተበጠሰ፤ ከገጸ ባሕርያቱም አንዱ ገደል ገባ። ያን ጊዜ ድዋርፉ ወረቀቱን አውጥቶ አነበበልን፦ «ገመዱ በስብሷል፤ አትሻገሩ፤ በታች በኩል መልካ አለ» ይላል። «ለምን ዋሸኸን?» ብንለው «ድዋርፍ ጎብሊንን አያምንም፤ ማስፈራሪያ መስሎኝ የመሰለኝን ነገርኋችሁ» አለ። እስከ እኩለ ሌሊት ተከራከርን። አስተርጓሚ በሁለት ወገን መካከል ቆሞ ምን ያህል ሥልጣን እንደሚይዝ ያን ሌሊት ገባን።

ጓደኞቻችን፤ እዚህ ላይ ብናቆም ንግግራችን ጨዋታን የማወደስ ብቻ በሆነ ነበር። ነገር ግን የተነሣነው ጥፋታችንንም ልንናገር ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት መሪያችን ነገሩን ይበልጥ ሕያው ለማድረግ አሰበ። ጎብሊኖቹ በጆሮ የሚሰማ ቋንቋ ይኑራቸው ብሎ፤ ከመንገድና ከገበያ የለቀማቸውን የአንድ የአገራችንን ቋንቋ ቃላት እያጣመመ በጎብሊኖች አፍ አደረገ። ያ ቋንቋ ከአምስታችን የአንዱ የእናቱ ቋንቋ ነው። መሪው በክፋት አላደረገውም። እኛ ሳቅን፤ ባለ ቋንቋውም አብሮን ሳቀ። እየቆየ ግን ሳቁ ቀነሰ፤ ኋላም ጭራሹን ዝም አለ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣም፤ ከዚያ ወዲያ ባለውም ቅዳሜ አልመጣም።

ሄደን ጠየቅነው። አልተቈጣም፤ ቢቈጣ ይቀለን ነበር። «በዚያ ምሽት ጎብሊኖቹ የሚሉትን ቃል የማውቅ እኔ ብቻ ነበርሁ፤ የሚሉትም ሁሉ ትርጉም አልነበረውም። እናንተ ስትስቁ በየትኛው ወገን እንደ ተቀመጥሁ ጠፋብኝ» አለን።

ከዚህ በኋላ ስንመረምረው ሌላም ጥፋት አገኘን። በድልድዩ ምሽት፤ ምንም ቋንቋ የማያውቅ ገጸ ባሕርይ የያዘው ጓደኛችን ሦስት ሰዓት ሙሉ ዳይሱን እያሻሸ ከመቀመጥ በቀር ምንም አልሠራም ነበር። እንግዲህ ስሕተታችን አንድ ነው፤ በገጸ ባሕርያቱ መካከል እንዲቆም ያሰብነውን አጥር በተጫዋቾቹ መካከል አቆምነው። ቋንቋ አለመግባባት በጨዋታ ውስጥ ዋጋ የሚኖረው ሰዎቹን እርስ በርስ ለመግባባት ሲያስደክማቸው ነው፤ ከሰዎቹ አንዱን ዝም ካሰኘ ግን የወል ቋንቋው ሺህ ጊዜ ይሻላል።

በሌላ አገርም ይኸን ያስተዋሉ አሉ። «ሳይን» የሚባል ጨዋታ በኒካራጓ እ.ኤ.አ. በ1977 በትምህርት ቤት የተሰበሰቡ መስማት የተሳናቸውን ልጆች ታሪክ ይዞ ተዘጋጅቷል። ተጫዋቾቹ በጨዋታው ጊዜ ቃል አይተነፍሱም፤ የጋራ ምልክቶችን ራሳቸው እየፈጠሩ ይግባባሉ። አጥሩ በጣም ከፍ ያለ ነው፤ ነገር ግን ለሁሉም እኩል ከመሆኑም በላይ ሁሉም የሚሠራው አለው።

እኛም ሦስት ደንብ አወጣን። አንደኛ፤ ማንም ሕዝብ የሚናገረው ቋንቋ የጭራቅ ወይም የጎብሊን ቋንቋ አይሆንም፤ መሪው ድምፁንና የእጅ ምልክቱን ብቻ ይገልጻል። ሁለተኛ፤ የአስተርጓሚነቱ ሥራ በየተራ ይደርሳል። ሦስተኛ፤ ቋንቋውን የማያውቅም ባዶ እጁን አይቀርም፤ ከተነገረው ውስጥ ሦስት ቃል በወረቀት ይሰጠዋል፤ የቀረውን እርሱ ይገምት።

ይኸን ሦስተኛውን ደንብ ያመጣው ያ የተለየን ጓደኛችን ነው። ይቅርታ ከጠየቅነው በኋላ የተመለሰው ደንቡን በእጁ ይዞ ነው፤ ዛሬም መሪያችን እርሱ ነው። በቅርቡ ለሁለታችን የሰጠን ሦስት ቃል «ውሃ፤ ልጅ፤ ነገ» የሚል ነበር። አንዳችን ልጅ ውሃ ወስዶት ነው አልን፤ ሌላችን ነገ ልጃቸውን ለወንዝ ሊገብሩ ነው ብለን ሰይፍ ልንመዝ ደረስን። ነገር ግን ድልድዩ ትዝ አለንና ታገሥን፤ በእጅ፤ በዓይን፤ በጠጠር ሥዕል ሳይቀር አንድ ሰዓት ያህል ጠየቅን። ለካስ ጎብሊኖቹ አዲስ የተወለደ ልጃቸውን በምንጭ ውሃ የሚያጥቡበት ቀን ኖሯል፤ ነገ ለድግሱ ኑ ማለታቸው ነበር። ሄድን፤ በላን፤ ማንም አልሞተም።

ክቡራን መምህራን፤ ጓደኞቻችን፤ በምናባዊ ገደል ላይ ያየነው ነገር ከዚህ ግቢ የራቀ አይመስለንም። በምግብ አዳራሻችን ጠረጴዛ ላይም ሦስት ቃል ብቻ ሰምተን የቀረውን በፍርሃት የምንሞላበት ጊዜ አለ። ስለዚህ የምንለምነው ጥቂት ነው፤ ሰይፍ ከመምዘዝ በፊት አንድ ሰዓት መጠየቅ። ጨዋታውን ማየት የሚሻ በሚመጣው ቅዳሜ ማታ ይምጣ፤ ወንበር አለን፤ ሦስት ቃልም እንሰጠዋለን።